ቀስ እያለ የሚወርድ ማይክ፦ ለቤት ቀረጻ ርካሽ ስታንድ የመረጥንበት አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ ሲመጣ ስለ ስታንድ (ማይኩን የሚያቆመው ብረት) ተብሎ አልመጣም። ጓደኛዬ "ማይኬ እየሞተ ነው መሰለኝ፣ እስኪ ስማልኝና ንገረኝ" ብላ ሁለት ፋይል ላከችልኝ። ቤቷ ቁጭ ብላ ለልጆች የሚሆኑ ተረቶችን እያነበበች ትቀርጻለች፣ ደስ ሲላት ደሞ ጊታሯን ይዛ ትዘፍናለች። ማይኳ ሹር ኤስኤም7ቢ ነው፣ ሁለተኛ እጅ ነው የገዛችው፣ የነበራትን ብር በሙሉ እሱ ላይ ስለጨረሰችው ስታንዱን ከሰው ተውሳ ነበር የምትሰራው። ይሄ በጣም የተለመደ ነገር ነው፣ ሰው ማይክ ሲመርጥ ወር ሙሉ ያነባል ቪዲዮ ያያል፣ ስታንድ ላይ ሲደርስ ግን "ብረት አደል እንዴ" ብሎ ያገኘውን ያነሳል።

ፋይሎቹ ላይ የሰማሁት ነገር ግልጽ ነበር። መጀመሪያ ላይ ድምጿ ሙሉ ነው፣ ወፈር ያለ፣ ቅርብ። እያነበበች ስትሄድ በጣም ቀስ ብሎ ይርቃል፣ ይሳሳል፣ መጨረሻው ላይ ከሷ ይልቅ ክፍሉ ነው የሚሰማው። ዌቭፎርሙን (ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን የድምጹን ስዕል) ስታየው ከግራ ወደ ቀኝ እየጠበበ ይሄዳል። ማይክ ሲበላሽ እንዲ አያረግም፣ ወይ ይቆራረጣል ወይ ይጮሃል ወይ ጭራሽ ዝም ይላል። ኮምፒውተሩ ራሱ ድምጽ ከፍ ዝቅ የሚያረግበት ሴቲንግ እንዳለ አጠፋን፣ ኬብል ቀየርን፣ ለውጥ የለም። ከዛ "ስትጀምሪ አንድ ፎቶ አንሺ፣ ስትጨርሺ ካለሽበት ሳትነሺ ሌላ አንሺ" አልኳት። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሳያቸው መልሱ እዛው ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ከአፏ ትይዩ የነበረው ማይክ መጨረሻው ላይ ከአገጯ በታች ደረቷ ጋ ወርዷል። እሷ ገጹን እያየች ስለምታነብ አላየችውም፣ ምክንያቱም በአንዴ አልወደቀም፣ በጣም ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።

ለምን እንደዚ ጎላ ብሎ እንደተሰማ ልናገር፣ ምክንያቱም የስታንድ ምርጫው ሁሉ ከዚ ነው የሚነሳው። ማይኩ ከአፍ 10 ሳንቲሜትር ላይ ሆኖ ወደ 30 ሳንቲሜትር ቢሸሽ በቀጥታ የሚደርሰው ድምጽ ወደ 9.5 ዴሲቤል (የድምጽ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል፣ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይሄዳል ማለት ነው። ከግድግዳ እየተመለሰ የሚመጣው የክፍሉ ድምጽ ግን ባለበት ነው፣ ስለዚ አንተ ስታንስ ክፍሉ ይገንናል። እንደዚ አይነት ከፊት ያለውን አብልጦ የሚሰማ ማይክ ደሞ ስትቀርበው ባሱን ያወፍረዋል፣ ስትርቀው ያ ውፍረት ይጠፋል። በዛ ላይ ኤስኤም7ቢ በተፈጥሮው የሚያወጣው ሲግናል ደካማ ነው፣ አምራቹ ራሱ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን (ሲግናሉን ማጉላት) ያስፈልገዋል ይላል፣ ስለዚ ማይኩ ሲርቅ ጌይን ጨምሬ አስተካክላለሁ ብትል ሽ የሚለው የመሳሪያው ድምጽ አብሮ ይመጣል። በአጭሩ የቤት ውስጥ ስታንድ ስራው ማይክ መያዝ ብቻ ሳይሆን ማይኩን ያስቀመጥክበት ቦታ ላይ ሳይነቃነቅ ማቆየት ነው። ይሄን ካላረገ የቱንም ያህል ጥሩ ማይክ ቢኖርህ ዋጋ የለውም።

የተዋሰችውን ስታንድ ሄጄ አየሁት። ባለ ሶስት እግር ነው፣ ከላይ ቡም አለው (ያ ወደ ጎን የሚዘረጋው ቱቦ)፣ ቡሙ ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ ሁለት ዲስኮች አሉ፣ በመሃላቸው ስስ ጎማ ነገር፣ በጎን ያለውን እጀታ ስታጠብቀው ተጨናንቀው በፍትጊያ ብቻ ነው ቡሙን የሚይዙት። ይቺ ዲስክ አርጅታ ለስልሳ ነበር። ጓደኛዬ ደሞ ሲወርድባት ጊዜ በፒንሳ እያጠበቀችው ፕላስቲኩ ቡሎኑ የሚገባበት ጋ ስንጥቅ አውጥቷል፣ አሁን ብታጠብቀው ስንጥቁ ይከፈታል እንጂ ዲስኩ አይጨናነቅም። ጥፋቱ የሷም የባለቤቱም አደለም፣ ስታንዱ ለቀላል ማይክ የተሰራ ነው።

ክብደቱን እንይ። ኤስኤም7ቢ 765 ግራም አካባቢ ነው። ብዙ ሰው መድረክ ላይ የሚያየው ኤስኤም58 ደሞ 298 ግራም ነው። መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ክብደቱ ብቻ አደለም፣ ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ ነው። ቡሙ አግድም 70 ሳንቲሜትር ወጥቶ ከሆነ 765 ሲባዛ በ70 ወደ 53,500 ይመጣል (ግራም በሳንቲሜትር ብለህ ያዘው፣ አሃዱ አያስጨንቅህ፣ ለማወዳደር ነው)። ኤስኤም58 እዛው ቦታ ላይ ቢሆን 298 በ70 ወደ 20,900 ነው። ማለት ያቺ መገጣጠሚያ ለተሰራችበት ነገር ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ተሸክማለች፣ የቱቦው የራሱ ክብደትና የሚንጠለጠለው ኬብል ሳይቆጠር። ይሄን ስነግራት "እና ለኔ ማይክ ትልቁን ስታንድ ልግዛ ነው ምትለኝ?" አለች። አይ። ሁለት ቁጥር ነው ሚባዛው፣ ክብደቱን መቀነስ አንችልም፣ ርቀቱን ግን እንችላለን። 765 ግራም በ40 ሳንቲሜትር 30,600 ነው፣ በአንዴ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ቡሙን አግድም ከማረግ ወደ ላይ ሰያፍ ካረግከውም እንደዛው ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሚቆጠረው ወደ ጎን የሄደው ርቀት ነው። ስለዚ ጥያቄው "ምን አይነት ስታንድ" ከመሆኑ በፊት "ማይኩ የት ነው የሚቆመው፣ ስታንዱስ ለዛ ቦታ ምን ያህል መቅረብ ይችላል" ነው።

ሜትር ይዘን ክፍሉን ለካን። ጠረጴዛዋ ግድግዳ ጋ ተጠግቷል፣ ከቺፕውድ የተሰራ ስስ ነው፣ ከፊቱ ጠርዝ ስር መሳቢያ አለው። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የምታነበው ጽሑፍ ደሞ ወረቀት ላይ ነው፣ ገጽ ትገለብጣለች። ስታነብ ተቀምጣ ነው፣ ስትዘፍን ወንበሩን ወደ ክፍሉ መሃል አዙራ ጊታሩ ጭኗ ላይ ነው። ማለት አንድ ስታንድ ሁለት ቦታ መስራት አለበት፣ በጀቱ ደሞ የማይኩ ዋጋ አስረኛ እንኳን አይሞላም።

እሷ ልቧ የነበረው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው ባለ ስፕሪንግ አርም (እንደ ክንድ የሚታጠፍ ማይክ መያዣ) ላይ ነው፣ ሁሉም ቪዲዮ ላይ እሱን ስለምታይ። እኔም በመርህ ደረጃ አልጠላውም፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላለውና ሁሌ አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ሰው ደስ ይላል፣ ወለል አይዝም፣ ስትጨርስ ገፋ ታረገዋለህ። እዚ ቤት ግን ሶስት ነገር አልሆነም። አንደኛ ክላምፑ (አርሙን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነክሶ የሚይዘው) የሚነክስበት ቦታ የለም፣ ከፊት መሳቢያው ይከለክላል ከኋላ ግድግዳው፣ ጎኑ ላይ ብናስረው ደሞ ስሱ ቺፕውድ 765 ግራም ከነ አርሙ ሲወዛወዝበት ጠርዙ መፍረሱ አይቀርም። ሁለተኛ ርካሾቹ አርሞች ስፕሪንጋቸው ውጪ ነው፣ ስትነካው ወይ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ስፕሪንጉ ይጮሃል፣ ያ ድምጽ በብረቱ አርጎ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ስፕሪንግ ደሞ ለተወሰነ ክብደት የተወጠረ ነው፣ ከበድ ያለ ማይክ ሲሰጠው ይጎነበሳል፣ በጣም ቀላል ሲሰጠው ወደ ላይ ይነሳል። ሶስተኛውና ለኔ ዋናው ራሱ ጠረጴዛው ነው።

እሱን በወሬ ሳይሆን በጆሮ አየነው። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ በመጻሕፍት ደግፈን ቀረጽን፣ እሷ ሳታወራ ገጽ ትገለብጣለች፣ ላፕቶፑን ትነካለች፣ ክርኗን ታሳርፋለች። ከዛ ማይኩን በተዋስነው ስታንድ ወለል ላይ አቁመን፣ ስታንዱ ጠረጴዛውን በምንም በኩል ሳይነካ ያንኑ ደገምን። በሄድፎን ስንሰማው የመጀመሪያው ላይ ክርኗ ባረፈ ቁጥር ዱም የሚል ወፍራም ድምጽ አለ፣ የላፕቶፑ ፋን ራሱ እም እንደሚል ወፍራም ጉርምርምታ ይሰማል። ሁለተኛው ላይ ዱሙ የለም፣ የወረቀቱ ኮሽታ ብቻ በአየር ይመጣል። ስለዚ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው አጭሩ ስታንድም አብሮ ወደቀ፣ ዋጋው ከሁሉም ርካሽ ቢሆንም። አጭር ስታንድ ላይ ሌላም ችግር አለ፣ ማይኩን ከአፍ በታች ስለሚያቆመው ወይ ትጎነበሳለህ ወይ ትርቃለህ፣ ጎንበስ ብሎ ረጅም ተረት ማንበብ ደሞ ድምጽንም ወገብንም ይጎዳል።

ወለል ላይ ከሚቆሙት ቀጥ ያለው ክብ መሰረት ያለው አለ። እወደዋለሁ፣ መገጣጠሚያ የለው ሚንሸራተት ነገር የለው፣ ቆሞ ለሚዘፍን ሰው ከሱ የሚሻል ርካሽ ነገር የለም። ተቀምጣ ለምታነብና ጊታር ለያዘች ሴት ግን ቋሚው ጉልበቷ ጋ ይመጣል፣ ጊታሩ ይመታዋል። ስለዚ ባለ ሶስት እግር ከነ ቡሙ ቀረ፣ ማለት ያው የተዋሰችው አይነት፣ ልዩነቱ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ርካሽ ስታንድ ስትገዛ ብርህ መሄድ ያለበት እዛች ቡጢ የምታክል መገጣጠሚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቱቦው ቢሳሳ ችግር የለውም፣ ቀለሙ ቢላጥ ችግር የለውም፣ እግሩ ፕላስቲክ ጫማ ቢኖረው ችግር የለውም፣ ያቺ ነገር ግን ብረት መሆን አለባት።

ሱቅ ስንሄድ ሶስት ሩብ ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ ይዘን ሄድን። 750 ግራም ውሃ ከነ ጠርሙሱ ማለት የማይኳ ክብደት ማለት ነው፣ ውዱን ማይክ ይዞ መንከራተት አያስፈልግም። ሻጩን አስፈቅደን ጠርሙሱን በገመድ ቡሙ ጫፍ ላይ አንጠለጠልነው፣ ቡሙን 40 ሳንቲሜትር አወጣን፣ እጀታውን በእጅ ብቻ አጠበቅን (በእጅ ጠብቆ ካልያዘ በፒንሳም አይዝም)፣ ከዛ ጫፉን በጣት ቀስ ብለን ገፋን። አንዳንዶቹ ገና ጠርሙሱ ሲንጠለጠል ተንሸራተቱ። አንዱ ያዘ ግን እጀታው ውስጥ ያለው ቡሎን የሚገባበት ጆሮ ፕላስቲክ ነበር፣ ተውነው። የወሰድነው መገጣጠሚያው ሙሉ ብረት የሆነ፣ ዲስኩ ሰፋ ያለ፣ እጀታው በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ብቻ ሳይሆን በመዳፍ የሚያዝ ነው። ቁመቱን የሚያስተካክለውን ቀለበትም ከላይ ጫን እያልን አየነው፣ እሱም ከላላ ማይኩ ያው መውረዱ ነው። እግሮቹ ደሞ ጎማቸው እንዳይነቀል ጠበቅ ያለ መሆኑን አየን፣ ጎማው ከወደቀ ብረቱ ወለሉን ይነካል፣ የወለሉ ንቅናቄ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል።

ቤት ስንደርስ ሌላ ነገር ገጠመን፣ ማይኩ ስታንዱ ላይ አይገባም። ይሄ ጀማሪ ሁሉ የሚደናገጥበት ስለሆነ በደንብ ልጻፈው። የማይክ ስታንድ ጥርስ (ማይኩ የሚጠመዘዝበት ጫፍ) ሁለት አይነት ነው የሚበዛው፣ አንዱ ባለ 5/8 ኢንች በኢንች 27 ጥርስ፣ ሌላው ባለ 3/8 ኢንች በኢንች 16 ጥርስ። ከዛ በተጨማሪ ባለ 1/4 ኢንች 20 ጥርስ አለ፣ እሱ የካሜራ ነው፣ ትናንሽ ስታንዶች ላይ ታገኘዋለህ። የኤስኤም7ቢ መያዣ 5/8 ነው፣ አዲስ ሲገዛ ወደ 3/8 የምትቀይር ትንሽ ቀለበት አብራው ትመጣለች፣ ሁለተኛ እጅ ስለሆነ ግን ቀለበቷ ጠፍታለች። የገዛነው ስታንድ ጫፉ 3/8 ነው። የተዋሰችው 5/8 ስለነበረ ነው እስካሁን ያልታወቃት። እሷ በፕላስተር ጠቅልለን እናስገባው አለች፣ እንዳታረጊው አልኳት፣ 16 ሚሊ ገደማ ቀዳዳ ውስጥ 9.5 ሚሊ ነገር በፕላስተር አይቆምም፣ ማይኩ ወድቆ ያርፈዋል። ቀለበቷ ለብቻዋ ትሸጣለች፣ የነሐሷን ገዛን፣ ርካሽ ለስላሳ ብረት የሆነችው ጥርሷ ቶሎ ይበላል። ላይዋ ላይ ስንጥቅ መስመር አላት፣ ለካቻቪቴ ወይ ለሳንቲም ነው፣ ምክንያቱም ማይኩን ስትፈታ ቀለበቷ ውስጥ ትቀራለች፣ ሰው ደሞ "የኔ ማይክ ጥርሱ ጠበበ" ብሎ ሚያስበው ለዚ ነው። ስታስገባ ማይኩን ከነ ኬብሉ አታሽከርክር፣ ማይኩን ያዝና ቡሙን አሽከርክር፣ ኬብሉ አይጠማዘዝም።

አቀማመጡ እንዲ ሆነ። ስታንዱ ከጠረጴዛው በግራ በኩል ወለል ላይ፣ ጠረጴዛውን ሳይነካ። ከሶስቱ እግር አንዱ ልክ ከቡሙ ስር ወደ ማይኩ አቅጣጫ፣ ይሄ ግዴታ ነው፣ ቡሙ በሁለት እግር መሃል ከወጣ ስታንዱ ወደዛ ይተኛል። ቡሙ 40 ሳንቲሜትር ብቻ ወጥቶ ትንሽ ወደ ላይ ሰያፍ ሆኖ፣ ማይኩ ከአፏ አንድ መዳፍ ርቀት ላይ ከጎን መጥቶ ወረቀቱን ሳይጋርድባት። ከቡሙ ኋላ በኩል 30 ሳንቲሜትር ላይ እግር ላይ የሚታሰረውን የስፖርት ክብደት፣ 1 ኪሎ የሆነውን፣ ጠቅልለን አሰርነው። 1,000 በ30 ማለት 30,000 ነው፣ ከፊት ያለው 30,600፣ ተመጣጠነ ማለት ነው፣ መገጣጠሚያው አሁን ሚይዘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኬብሉን ደሞ በቡሙ ላይ አስረን ማይኩ ጋ ላላ ያለ ዙር ተውንለት፣ እንዳይጎትተው።

ለማረጋገጥ ማይኩ የደረሰበትን ከፍታ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ምልክት አረግን፣ ሌሊቱን እንደዛው ተውነው። ጠዋት ፎቶ ላከችልኝ፣ ምልክቱ ላይ ነበር። ከዛ ሙሉ ተረት አንብባ ቀረጸች፣ ዌቭፎርሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፣ ጌይኑንም ከበፊቱ ዝቅ አርጋው ነው የቀረጸችው።

ሁሉም ነገር አልተፈታም። ወለሉ ላይ ሰው ሲራመድ አሁንም ትንሽ ወፍራም ንዝረት ይመጣል፣ ለሱ ከማይኩ ጀርባ ያለውን ባስ የሚቀንሰውን ስዊች ከፈትን፣ ከስታንዱ እግር ስር ደሞ ወፍራም ምንጣፍ አጥፈን አነጠፍን፣ ቀነሰ፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ስታንዱን ለጊታር ስትወስደው ክብደቱን ረስታ ሳታስረው ስትቀር ቡሙ ትንሽ ወረደ። መገጣጠሚያውን ፈታነው፣ ዲስኮቹ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ነበር፣ በአልኮል ጠርገን አድርቀን ስንገጥመው መያዙ ከአዲስነቱ በለጠ። ይሄን ማረግ የተቻለው መገጣጠሚያው በቡሎንና በዳዶ የተገጠመ ስለሆነ ነው፣ ተበይዶ ወይ ተጣብቆ የሚመጣ ቢሆን መጣል ነበር።

ለጊታሩ አንዳንዴ ቡሙን ወደ ታች አዙራ ማይኩን ጊታሩ ሳጥንና አንገቱ ከሚገናኙበት ፊት ለፊት ታቆመዋለች፣ ቡሙ ወደ ታች ሲሆን ከኋላ ያለው ክብደት ወደ ላይ ስለሚነሳ ከሷ በተቃራኒ በኩል መሆኑን ማየት አለባት፣ ፊቷ ጋ እንዳይመጣ። አሁን ለጊታር ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ማይክ እያየች ነው፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ትላለች፣ 345 ግራም ነው። ለሱ ከፍ ያለው ስታንድ አያስፈልግም፣ አጭሩ ባለ ቡም ወለል ላይ የሚቆመው ይበቃል፣ ያቺ የተዋሰቻት ራሷ መገጣጠሚያዋ ባይሰነጠቅ ኖሮ ትችለው ነበር።